ካሽሽን አጥፊው

ድሪያ የሚባለውን የሴቶች ቀሚስ የምትሸጠው ነጋዴ እናቴን ታክላለች፤ በድሬዳዋ ደንብ ግን «አንቺ» እንባባላለን። ሱቋን ከመጋላ ገበያ ወደዚሁ ከተማ ታይዋን ገበያ ስታዛውር ድረ ገጿን የማስተካክልላት እኔ ነበርኩ። አድራሻዋ የተጻፈው ገጹ አናት ላይ ባለው ትልቅ ፎቶ ላይ ነው። አዲስ ፎቶ በአሮጌው ስም ጫንኩ፤ ኮምፒውተሬ ላይ «ታይዋን» ሲል አየሁና ጨረስኩ ብዬ ተነሳሁ።

በማግስቱ ደወለች። «አቦ፣ ስልኬ ዛሬም መጋላ ይላል! ደንበኞቼ የተዘጋ በር እያንኳኩ ነው፤ ኢድ ደርሷል እኮ!»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ድረ ገጽ የሚከፍተው ብራውዘር አንዴ ያወረደውን ፎቶ ስልኩ ጓዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ጓዳው ካሽ ይባላል። የእኔን ኮምፒውተር ካሽ ሁልጊዜ ስለማጸዳው አዲሱን አሳይቶኛል። አዋቂ ነኛ! «ቀላል ነው፣ ካሽሽን አጥፊው» አልኳት።

«ወላሂ አብደሻል! ለኢድ ዕቃ የማስገባበትን ካሽ ነው የማጠፋው?»

ለእሷ ካሽ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ማጥፋትም ማባከን። ሳቄ አመለጠኝ። «ሳቂ! እስከ ሐሙስ ካላስተካከልሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብላ ዘጋችብኝ። ከእሷ ሌላ ደንበኛ አልነበረኝም፤ ታይዋን ውስጥ ስሜ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ማን ይቀጥረኛል? ፈራሁ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ብዬ «ፎቶውን ለአንድ ወር አስቀምጡ፣ ደግማችሁ አትጠይቁኝ» እንዲል ገጹን ለስልኮች የሚያቀብለውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ያዘዝኩት እኔው ነበርኩ። ስልኮቹ የታዘዙትን ፈጸሙ። የእያንዳንዱን ደንበኛ ስልክ እየዞርኩ አላጸዳ ነገር!

ፎቶው ባይጠየቅም፣ ገጹ ግን በተከፈተ ቁጥር ብራውዘሩ «የተለወጠ ነገር አለ?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። በዚያ በኩል ገባሁ። ለፎቶው አዲስ ስም አወጣሁለት፣ ገጹም በአዲሱ ስም እንዲጠራው አደረግሁ። ብራውዘሩ ያንን ስም ጓዳው ውስጥ ሲያጣው ግድ ሄዶ አዲሱን ያመጣል። ሥራው ይኸው ነው፣ ስም መቀየር።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ የመጡ እናትና ልጅ ስልካቸውን እያዩ ቀጥ ብለው ገቡ። ከኋላቸው ሌሎች ሦስት ሴቶች። ደስታዬ እልል ሊያሰኘኝ ምንም አልቀረው! ነጋዴዋ የራሷን ስልክ ከፈተች፤ ታይዋን ይላል።

«ካሼን ሳልነካው?»

«ሳትነኪው።»

ሳቀች፤ ለጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ ጮክ ብላ አወራችው። ዛሬ ታይዋን ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው በስሜ አይጠይቅም። «ካሽ የማታጠፋዋ ልጅ የት አለች?» ነው የሚለው።