አንድ ተቃዋሚ ይመደብ

መምህር ወልደ ኢየሱስ የሚያስተምሩት ትምህርት በእድሜያቸው ብዙ ጊዜ ስሙን ቀይሯል። እሳቸው ሲቀጠሩ የፖለቲካ ትምህርት ይባል ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ሥነ ዜጋ ሆነ፤ ቆየት ብሎ ሥነ ምግባር ተጨመረለት፤ አሁን ደግሞ የዜግነት ትምህርት ተብሎ አዲስ መጽሐፍ ወጥቶለታል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ግን መጽሐፉ እስካሁን የደረሰው በስልክ ብቻ ነው። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ለሥልጠና ይጠራሉ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላቸዋል፤ ተመልሰውም ያንኑ ነጭ ጋዋን ለብሰው በዚያው ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠ ነገር ቢኖር የተማሪዎቻቸው እጅ ነው።

በየዓመቱ ክፍሉን ጉባኤ አድርገው ድምፅ ያሰጣሉ። «የሚደግፍ?» ሲሉ የተኛው ሳይቀር እጁ ይነሣል። «የሚቃወም?» ሲሉ ዝምታ ነው። «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲሉ ደግሞ የሚሰማው ከውጭ የሚያልፈው የሚኒባስ ረዳት ጥሪ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ተናደው የእረፍት ሰዓት ጨርሶ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በማግሥቱ ደወሉ ሲደወል ክፍሉ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጫው ሳይነሣ ቆየ። መምህሩ ውሳኔውን ለመሻር ሌላ ድምፅ አሰጡ፤ ያም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ዘንድሮ ጡረታ የሚወጡበት ዓመት ነው። ሽልማትም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የምስጋና ወረቀትም አልተመኙም። የተመኙት አንድ ልጅ፣ አንድ ቀን፣ ማንም ሳያዝዘው እጁን አውጥቶ «እኔ አልስማማም» ሲል አይተው መሄድ ነው። ይህን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሒሩት ቢያጫውቷቸው፣ ሒሩት ቀና ሳይሉ፣ «ተቃውሞ ከቸገረህ ቤትህ በጊዜ ግባ» አሏቸው።

እዚህ ላይ የመምህሩን የራሳቸውን የስብሰባ ጠባይ ሳይናገሩ ማለፍ ለአንባቢ ዕዳ መተው ይሆናል። በመምህራን ስብሰባ የሚቀመጡት ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ነው። «የሚደግፍ?» ሲባል እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ ያነሣሉ፤ ከፍ ካለ የጓጉ ያስመስላቸዋል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ማመንታታቸው ይታወቃል። ይህን እንደ ድምፅ አይቆጥሩትም፤ ስብሰባን ማሳጠሪያ ነው ባይ ናቸው። በኅዳር ወር መጀመሪያ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለከተማው ፈተና የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲያገኙ የመግቢያው ሰዓት ከሁለት ወደ አንድ ሰዓት ዝቅ ይበል የሚል ሐሳብ ሲቀርብም እጃቸው እስከ ጆሯቸው ሄዶ ተመልሷል። ሻይ እየቀዘቀዘ ነበር።

ሐሳቡ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ተማሪዎች ፓርላማ ነበር። ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከትምህርት ቢሮ ለግምገማ በሚመጡ እንግዶች ፊት ይካሄዳል፤ ድምፅ ቆጣሪው መምህር ወልደ ኢየሱስ ናቸው። ከጉባኤው በፊት ርዕሰ መምህርቷ ማዕዶት አስጠሯቸው። ማዕዶት የድሮ ተማሪያቸው ናት፤ በእሳቸው ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣች፤ የዴሞክራሲን መርሆዎች ዛሬም ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት በተራ ቁጥራቸው የምትጠራ።

«ጋሼ» አለቻቸው ወንበር እየሳበችላቸው፣ «ዘንድሮ እንግዶቹ የሚገመግሙን የሐሳብ ልዩነት እናስተናግድ እንደሆነም አይተው ነው። እኛ ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ እያጸደቅን ነጥብ እያጣን ነው። አንድ ተቃዋሚ ይመደብልን።»

«ይመደብ?»

«አንድ ይበቃል። ጨዋ ልጅ ይሁን። ድምፀ ተአቅቦም አንድ፣ ከተገኘ።»

«ማዕዶት፣ ተቃውሞ አይመደብም።»

«ልክ ነዎት» አለች በአክብሮት። «ለዚህ ነው እርስዎ ይምረጡልን የምለው።»

ሊቆጧት ፈለጉ፤ ግን የቀረጿት እሳቸው ናቸውና ስህተቱን ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚጀምሩት ግራ ገባቸው። እየተብሰከሰኩ ወደ ስምንተኛ ክፍል ሄደው መደቡ። ተቃዋሚ ኤልቃና ሆነ፤ የመጋቢ ልጅ፣ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጋር አጥር የሚጋራ፣ ደብተሩን እንኳ በአራት ማዕዘኑ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ። ኤልቃና የምቃወምበት ምክንያት አብሮ ይሰጠኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ድምፀ ተአቅቦ የደረሳት ትሕትና ደግሞ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «ቲቸር፣ እጄን ግማሽ ላውጣ?» አለች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ተመለከቱ።

በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ሀዊ ትቀመጣለች። ቤቷ ከባሕር ዛፉ ደን ማዶ፣ አስፋልት ካለቀ በኋላ ገና ብዙ ከሚያስኬደው ጋራ ላይ ነው። አባቷ አቶ ጅሬኛ ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ የሌላ ስለሆነ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ ሥራ የሚለቁት ከነጋ በኋላ ነው። በቤት ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ትናገራለች፤ በሁለቱም ቋንቋ ዝምተኛ ናት። ሁልጊዜ ጫማዋ በጤዛ ርሶ ትደርሳለች፤ ከቤት የምትነሣው ጅብ ከመንገዱ ገለል ካለ በኋላ ነውና። ሁለት ሰዓት ማለት ለእሷ ጅቡም እሷም በየሰዓታቸው የሚያልፉበት ስምምነት ነበር። አንድ ሰዓት ከሆነ ግን በጨለማ፣ ብቻዋን መውረድ ሊኖርባት ነው።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ በፕላስቲክ አበባ ደምቆ፣ የታሸገ ውኃ በእንግዶቹ ፊት ተደርድሮ ዋለ። አፈ ጉባኤዋ ፌበን የተሰጣትን ጽሑፍ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበች፤ የሰዓቱ መለወጥ ለተማሪው የሚያስገኘውን ጥቅም ዘረዘረች፤ አስተያየት ያለው ካለ ብላ ጠየቀችና መልስ ሳትጠብቅ ገጹን ገለጠች።

«የሚደግፍ?»

ከእጅ የተሠራ ደን በቀለ።

«የሚቃወም?»

ኤልቃና በልምምዱ መሠረት ቀኝ እጁን አወጣ። ማዕዶት ፈገግ አለች፤ ከእንግዶቹ አንዱም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በዚህ መሀል ከበሩ በኩል ሌላ እጅ ተነሣ፤ ሹራቡ ያጠረበት፣ ቀጥ ያለ፣ ከጆሮ በላይ የወጣ እጅ።

ፌበን ጽሑፉን አየች፤ ሀዊን አየች፤ እንደገና ጽሑፉን አየች። ማይክሮፎኑ ቅርብ መሆኑን ረስታ፣ «ሀዊ፣ አንቺ እኮ አልተመደብሽም» አለች።

ሀዊ እጇን አላወረደችም። «ሳልመደብ ነው የማልስማማው» አለች።

መምህር ወልደ ኢየሱስ ይህችን ቀን ስንት ዘመን ጠብቀዋት ሲያበቁ፣ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ማዕዶት ማየት ነበር። ማዕዶት ከመድረኩ ላይ ሆና አንዲት ጣቷን በቀስታ አሳየቻቸው። እንግዶቹም ወደ ድምፅ ቆጣሪው ዞሩ። እሳቸውም «ሁለት» አሉ። ከፍ አድርገውም ደገሙት። «ተቃውሞ፣ ሁለት።»

ይህን ያህል ደፍረው ገና ሳይተነፍሱ ኤልቃና ብድግ አለ። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። «ቲቸር፣ የእኔን ይቀንሱት» አለ። «እኔ የተመደብኩ ነኝ። በልቤ እስማማለሁ። መዋሸት አልችልም።»

አንዱ እንግዳ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ማዕዶት ማይክሮፎኑን ከፌበን ተቀብላ፣ የልጆቻችን ግልጽነት ይህን ይመስላል፣ ስለዚህ ተቃውሞ አንድ፣ እንደተባለው፣ ብላ ዘጋችው። ትሕትና ግማሽ እጇን አወጣች፤ ማንም አላያትም። ተጨበጨበ። ትምህርት ቤቱ ከምስጉኖቹ ተርታ ተመደበ። የመግቢያው ሰዓትም ከታኅሣሥ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሆነ።

መምህሩ ከአዳራሽ ቀድመው ወጡ። እውነተኛው ድምፅ ተገኝቷል፤ ተቆጥሯልም፤ ግን ልክ አስቀድሞ በተዘጋጀለት ጉድጓድ ገብቶ ምንም ሳይነቀንቅ ቀርቷል። ሀዊን በኮሪደሩ አገኟትና ኮርቼብሻለሁ ሊሉ አሰቡ። እሷ ቀደመቻቸው።

«ቲቸር፣ በመምህራን ስብሰባ ስንት ሰው ተቃወመ?»

«ማንም።»

«እርስዎስ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ። ስብሰባው ረጅም እንደነበር ነገሯት።

«እሺ» አለች ሀዊ፤ ሄደች። በአዲስ አበባ ብዙ ዓይነት እሺ አለ። መምህሩ ይህኛውን ቤታቸው፣ የካ ሚካኤል እስኪደርሱ ድረስ ተሸክመውት ሄዱ፤ ሒሩት ምን ሆነሃል ሲሏቸውም አላወረዱትም።

ታኅሣሥ ገባ። ብርዱ የእንጦጦን ሣር የሚያነጣበት ወር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሀዊ ደጋግማ በር ላይ ቀረች፤ አርፋጅ ተማሪ የሚገባው ከማጠናከሪያው በኋላ ነው ተብሎ ታዟልና። እንግዲህ ማጠናከሪያው የተጀመረው ለእሷ ዓይነቱ ተማሪ ነበር፤ እሷ ግን በአጥሩ ሽንቁር ትሰማዋለች። መምህሩ ማዕዶት ዘንድ ገብተው አስረዱ። ማዕዶት በትዕግሥት አዳመጠቻቸው፤ አዘነችም፤ ማዘኗ እውነት ነበር። ግን ጉባኤ ያጸደቀውን አንድ ሰው እንዴት ይሽራል፣ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ናቸው። ፈተና ላይም አውጥተውታል።

አንድ ማለዳ ባትሪና ከዘራ ይዘው አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ወጡ። ሀዊ ከዛፎቹ መሀል ስትወጣ መጀመሪያ ድንጋይ አነሣች፤ ቀጥላ አወቀቻቸውና ድንጋዩን በሐፍረት አስቀመጠች። አብረው ወረዱ። እውነቱ ይነገር ከተባለ እሷ ያን ዕለት በጨለማ ስለተነሣች ብቻዋን ብትሆን ትደርስ ነበር፤ ዛሬ ያስረፈዷት የመምህሩ ጉልበቶች ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ እየቆመች ትጠብቃቸዋለች፤ እሳቸው ሂጂ ይሏታል፤ እሷ አትሄድም።

«ቲቸር፣ የብዙኃኑ ውሳኔ ይከበራል፣ የጥቂቶቹ መብትም ይጠበቃል ብለው አጽፈውናል።»

«አጽፌያችኋለሁ።»

«የጥቂቶቹ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

እንዲህ ያለውን መጽሐፉ አይመልሰውም ብለው ከዘራቸውን ወደፊት ሰነዘሩ፤ እርምጃቸው ግን አልፈጠነም።

ሲደርሱ በሩ ገና መዘጋቱ ነበር፤ ሰልፉ አልተጀመረም። ጥበቃው ከበበ በሽንቁሩ አይቷቸው ትንሿን በር ለእሳቸው ብቻ በሚያስገባ ልክ ከፈተ። እርስዎ ይግቡ፣ እሷ ግን ትቆይ፣ ትዕዛዝ ነው አለ። የተናገረው በደግነት ነው፤ ከበበ ክፋት አያውቅበትም።

መምህር ወልደ ኢየሱስ አንድ እግራቸውን አነሡ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእሳቸው ነው፤ በዘመናቸው አርፍደው አያውቁም። ሀዊ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አጥሩን ተደግፋለች፤ ወደ እሳቸውም አታይም። ያነሡትን እግር መለሱት።

«አልገባም።»

ከበበ የሰማ አልመሰለም። «መምህር፣ ብርድ ነው እኮ።»

«ብርድ ነው። እሷ ካልገባች አልገባም።»

«ታዲያ ርዕሰ መምህርቷ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«አንድ ተቃወመ በላት።»

ከበበ ይህን በአእምሮው አገላብጦ አየው። ወደ ቢሮው ተመለከተ፤ ወደ እሳቸውም ተመለከተ። «እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ልጆች አሉኝ።»

ከውስጥ የሰልፉ ደወል ተደወለ፤ መዝሙሩም ተጀመረ። ከበበ በሩን ሳይዘጋው፣ እንደያዘው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሀዊ ከአጥሩ ተላቀቀች። መምህሩም ከዘራቸውን ወደ ጎን አድርገው ባንዲራው በማይታይበት፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። በተከፈተው ስንጥቅ የስምንተኛ ክፍል ሰልፍ ይታያል፤ ከመጨረሻው ረድፍ ኤልቃና አንገቱን አዙሮ እያየ ነው፤ መዝሙሩን፣ ማንም ሳያዝዘው፣ አቋርጧል።