ውሃ ሲመጣ የሚጠራው ስልክ

የኋላሸት መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተከራያት ክፍል ተቀምጦ በጃቫ ፕሮግራም ይጽፋል። ለሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ የሠራው ፕሮግራም ቀላል ነው። የሰፈሩ ሴቶች ጄሪካናቸውን ቦኖው ላይ አሰልፈው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ፤ ውሃ ሲመጣ ስልካቸው ይጠራቸዋል። በእሱ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ይሠራል። በእነሱ ስልክ ላይ አይሠራም።

የቦኖው ጠባቂና የኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ኡምኩልሱም እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሥራው እንደሚቀር ነገሩት። ከቀረ አዲስ አበባ ወንድሙ ዘንድ መሄድ ነው። መሄድ አልፈለገም። ለምን እንዳልፈለገ ለማንም አልተናገረም።

ሐሙስ ውሃ ሲመጣ ቆሞ አየ። ተራው ንግሥቴ ከምትባል ጎረቤቱ ጄሪካን ሲደርስ እትዬ ኡምኩልሱም የማን እንደሆነ ጠየቁ። ንግሥቴ ገበያ ናት፤ ስልኳ አልጠራም። በሰፈሩ ደንብ «እኔ አለሁላት» የሚል ሰው ከሌለ ጄሪካኑ ከሰልፍ ይወጣል። ማንም አላለም። በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«ትመጣለች እኮ እትዬ» አለ የኋላሸት።

«ትምጣ። አለሁ የሚልላት ከሌለ እኔ በምን ልወቅ?»

ክፍሉ ገብቶ ኮዱን ከፈተ። ጃቫም ጠራጊ አለው፤ ኦብጀክት ከሚባሉት የፕሮግራሙ ቁራጮች ማንም ያልያዘውን ከሜሞሪ ያወጣል። የውሃውን ዜና የሚጠብቀው ትሬድ፣ ማለትም ከጀርባ የሚሮጠው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ለብቻው ይሠራል፤ ዜናው ሲደርስ የጄሪካኑን ባለቤት የሚጠራውን ኦብጀክት ግን አጥብቆ የያዘው ስልኩ ላይ የተከፈተው የፕሮግራሙ ገጽ ብቻ ነበር። ትሬዱ፣ ሜሞሪ እንዳይሞላ ተብሎ፣ አላልቶ ነው የያዘው። አላልቶ መያዝ ለጠራጊው አለመያዝ ነው። ሴቶቹ ገጹን ሲዘጉ ኦብጀክቱ ይጠረጋል፤ ትሬዱ ዜናውን ይዞ ሲመጣ የሚነግረው ያጣል። የኋላሸት ገጹን ዘግቶ አያውቅም። ሲሞክረው እያየው ይውላል።

ኦብጀክቱን ፕሮግራሙ ራሱ አጥብቆ እንዲይዘው፣ ውሃው ከተቀዳ በኋላ ደግሞ እንዲለቀው አደረገ።

ቅዳሜ ውሃው የመጣው ሴቶቹ ለቅሶ ላይ እያሉ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ንግሥቴ ቀድማ ተነሣች፤ ሌሎቹ ሐዘንተኛዋን እያጽናኑ ወደ በሩ ተጠጉ። ከሰልፍ የወጣ ጄሪካን አልነበረም።

እትዬ ኡምኩልሱም አስጠሩት። ሥራው ይቀጥላል፣ ለቅሶ ላይ ግን እንዳይጮህ አሉት። ስልክ ለቅሶ መኖሩን በምን ያውቃል ብሎ ጠየቃቸው።

«ስልኩ ምን አገባው? አንተ እዚህ አይደለህ? ሰው ሲሞት ትሰማለህ፣ ዝም ታሰኘዋለህ።»

እሺ አለ። እሑድ ወንድሙ ደውሎ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀው። መምጣት እንደማይችል ነገረው፤ ሰው ሲሞት መስማት አለበት።