አክስቴ ዓይኗን እንጂ ስልኳን አልሰጠችም

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበት ደብተር ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ አይወጣም። አንድ ባል "ለሚስቴ ሳትሰማ ቀሚስ ላሰፋላት ነው፤ የወገቧን ልክ ንገሪኝ" ብሎ ቢለማመጣት እንኳ "እሷን ይዘሃት ና" ብላ ነው የመለሰችው።

ባለፈው ወር "እኔ ስሞት ዓይኔን ለሰው ስጡልኝ" ብላ የለጋሾች መዝገብ ላይ ተመዘገበች። ቅጹ ላይ ስልኳን፣ ዕድሜዋን፣ የደም ግፊቷን ሳይቀር ሞላች።

በሳምንቱ አንድ የሬሳ ሣጥን ሻጭ ደወለላት።

"እማማ፣ ግፊት እንዳለብዎት ሰምተን ነው። ቀድሞ ላዘዘ ቅናሽ አለን። ቁመትዎ ስንት ነው?"

"ና፣ መጀመሪያ አንተን ልለካህ!" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ወደ ምዝገባው ቢሮ ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ዓይኔን ሰጠሁ እንጂ ስልኬን ለማን ሰጠሁ?" አለችው ኃላፊውን። "እኔ የሰው ወገብ ሠላሳ ዓመት ስደብቅ፣ እናንተ የኔን ግፊት አንድ ሳምንት መያዝ አቃታችሁ?"

ኃላፊው መዝገቡን ገለጠ። "እናቴ፣ ቅር ካለዎት ከመዝገቡ ልንሰርዝዎት እንችላለን።"

"እኔን ልትሰርዝ? ዓይኔን የሚጠብቀው ሰው ምን በደለ? ስሜ ካለበት ንቅንቅ አይልም! ለሣጥን ሻጩ ማን እንዳቀበለው ትነግረኛለህ፤ መዝገቡንም ፊቴ ትቆልፈዋለህ።"

"ጊዜ ይፈልጋል፤ ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ።"

አክስቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ አደረገች።

"ይሄ ዓይን እስክሞት የኔ ነው" አለችው። "እስከዚያ አንተ ላይ አፈጥጥበታለሁ።"