ለአባቴ የመረጥኩት የአደን ሱሪ

ስኳር ሲቆይ እግር ያደነዝዛል። ይህን የነገረችኝ ወረታ ውስጥ አባቴን ትከታተል የነበረች ነርስ ናት። "እሾህ ቢወጋቸው አይሰማቸውም፤ ስለዚህ አንቺ ስሚላቸው" አለችኝ። እኔ ወረታ የማስተምር የቤቱ በኩር ልጅ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተሰቡን ሁሉ ካላዘዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባቴን እንኳ "አንተ" እያልኩ ነው ያደግሁት። ዘመዶቻችን "አንቱ በይው እንጅ፣ አባትሽ እኮ ነው" ብለው ሲቆጡኝ እሱ ይስቅና "ተዉአት፣ እሷ እናቴ ናት" ይላቸው ነበር። ስለዚህ የነርሷን አደራ እንደ ሹመት ነው የተቀበልኩት።

አባቴ የፎገራ ገበሬ ነበር። ሜዳው ላይ ሩዝ፣ ከፍ ብሎ ጉማራ ወንዝ ዳር ደግሞ በቆሎ ያርሳል። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከወንዙ ጥሻ ከርከሮ እየወጣ ያተራምሰዋል። አንድ ሌሊት የገባበት ማሳ ጠዋት ሲታይ ሰው የተጣላበት ይመስላል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጥሻው ሲሳሳ፣ የሰፈሩ ወንዶች ጦርና ውሻ ይዘው ይሰበሰባሉ። ግማሾቹ ዳር ቆመው ጣሳ ይቀጠቅጣሉ፤ ግማሾቹ ጥሻውን እየሰነጠቁ ይገባሉ። አባቴ ከሚገቡት ነበር፤ ከሚገቡትም ፊተኛው።

የዚህ አደን ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ከርከሮ አይበላም፤ ሃይማኖታችን አይፈቅድም። የወደቀው አውሬ እዚያው ለጅብ ይተዋል። ወደ ቤት የሚመጣ ሥጋ የለ፣ ቆዳ የለ። ታዲያ ማን እንደገባና ማን ዳር እንደቀረ በምን ይታወቃል? በባት ነው የሚታወቀው። ወንዶቹ ሁሉ በቁምጣ ይሄዳሉ። አመሻሽ ላይ አንድ ቤት ተሰብስበው ጠላ ሲጠጡ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይቀመጣሉ። ቀጋና አጋም የቧጨረው ባት ይታያል፣ ይወዳደራል፣ ይቀለድበታል። ባቱ ንጹሕ የሆነ ሰው ጥጉን ይዞ ዝም ይላል። አባቴ በዚያ ጨዋታ ላይ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር።

ስኳር እንዳለበት ከታወቀ በኋላ በወጣበት አደን አንዲት ጭረት ባቱ ላይ ቀርታ እስከ ፋሲካ ሳትድን ቆየች። በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ "አትሄድም" አልኩት። "እሄዳለሁ" አለ። ስልክ በደወልኩ ቁጥር እንጨቃጨቃለን፤ እናቴ ስልኩን ነጥቃ "ስለ ሌላ ነገር አውሩ" ትለናለች። በመጨረሻ ነርሷ አስታረቀችን፤ ረጅምና ጠንካራ ሱሪ ለብሶ ይሂድ አለች። እሱም "እሽ፣ እንግዲያው አንቺው ምረጭልኝ" አለኝ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

የገበያው ዕለት ጠዋት ወረታ መጣ። እኔ የቀጋ እሾህ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ጠበቅሁት። ከዚያው ከጥሻው ወንድሜ ቆርጦ ያመጣልኝ ነው። ሻጭ ሁሉ "ብረት ነው፣ አይቀደድም" ማለቱ አይቀርም፤ እኔ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ፣ የሚፈርደውን እሾህ ራሱን ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያየነው አዲስ ጂንስ ነበር። እሾሁን ይመክታል። አባቴ ቁጢጥ ሲል ግን ጭኑ ላይ ተወጠረ። ጂንስ ደግሞ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ጉማራን የተሻገረበት ሰው ቀኑን ሙሉ ሸክም ተሸክሞ ይውላል። ቴትሮኑን ገና በእሾሁ ስነካው ክሩ ተመዘዘ። ስፖርተኞች የሚለብሱት የሚያብረቀርቀው ቀላል ነው፣ ውሃ አይዝም፤ ነገር ግን በተራመዱ ቁጥር ይንሿሿል። "በዚህማ ከርከሮው ገና ከቤት ስወጣ ይሰማኛል" አለ አባቴ። አንዱ ሻጭ የወታደር ቀለም ያለውን ሲዘረጋልን እጄን አላስነካሁትም። በዚህ ጊዜ ጥሻ ለጥሻ የሚሄድን ሰው ከሩቅ ያየ ምን ብሎ እንደሚያየው አይታወቅም።

ሰልባጅ ተራ ስንደርስ ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ሻጩ እሾሁን ሲያይ ተቆጣ። "ቲቸር፣ ሱሪ ነው የምትገዙት በሬ?"

"በሬማ ቢሆን ጥርሱን አይታ ትተወው ነበር" አለው አባቴ።

ሻጩ ንዴቱ ጠፍቶ ሳቀ። "አይዞዎት አባባ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ ክምሩን ገለበጠልን።

ከክምሩ ሥር የደረቀ ሣር ቀለም ያለው ወፍራም የጥጥ ሱሪ ወጣ። ፈረንጅ አገር አንድ አዳኝ ለብሶት የኖረ ይመስለኛል፤ እንጃ። ጉልበቱ ድርብ ነው። ስፌቱ ተደጋግሞ ተኪዶበታል። ሁለቱ እግሮች በሚገናኙበት ላይ ለመቀመጥ እንዲመች ትርፍ ጨርቅ ገብቶበታል። ገልብጬ ስፌቱን ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። በእሾሁ ወጋሁት፤ የእሾሁ ጫፍ ተሰበረ። አባቴ በቁምጣው ላይ አጥልቆት እዚያው ገበያው መካከል ቁጢጥ አለ፣ ተነሳ፣ አንድ እግሩን አንስቶ የሌለ አጥር ተሻገረ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል።

"ይመቻል" አለ። "ምንም የለበስኩ አይመስለኝም።"

ለኔ ይህ አልበቃኝም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ወገቡን አስጠበብኩት፤ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደግሞ የመኪና ሸራ ዙሪያውን አስደረብኩበት። ሰፊው "መርፌዬን ጨረስሽው እኮ" እያለ ሰፋው። ከዚያ ሻይ ቤት ገብተን ስኳር የሌለው ሻይ ጠጣን። አባቴ እግሩን ዘርግቶ ሱሪውን ያያል፤ ቆይቶ ደግሞ ሸራውን በጣቱ ያንኳኳዋል። ደስ ብሎት ነበር። እኔም ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግሩን ያዳንኩለት መስሎኝ ነበር።

አደኑ ላይ የሆነውን የነገረኝ አብሮት የሄደው ወንድሜ ነው። ጥሻው ዳር ሲሰበሰቡ ሁሉም በቁምጣ ነው፤ አባቴ ብቻ በረጅም ሱሪ። የዕድሜ ልክ ጓደኛው የሆነው አበልጁ አየው አየውና "ሙሽራው፣ ሚዜህን የት ተውከው?" አለው። ሁሉም ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ እንዲህ ነው የሚጫወቱት። አባቴም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ወደ ላይ ሊጠቀልለው ሞከረ። እኔ ያስደረብኩት ሸራ አልታጠፍ አለው። ዞር ብሎ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሄደና፣ በያዘው ቢላዋ የሱሪውን ሁለት እግር ከጉልበት በላይ ቆርጦ ጣለ። ከዚያም ከሁሉ ቀድሞ ገባ።

እሑድ አገር ቤት ስሄድ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለቱም ባቱ ተተልትሏል። ፊቱ ግን የጎረምሳ ፊት ነበር። እናቴ ዕቃ ሲጣል አትወድም፤ ወንድሜ አንስቶ ካመጣላት ከሱሪው ቁራጭ የዘር ከረጢት እየሰፋች ነበር። ያን ሳይ ጮህኩ። ያን ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያን ሁሉ ምርጫ፣ ያን ሁሉ ሸራ አንድ በአንድ አነሳሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ልጄ፣ ንጹሕ ባት ይዠ ብመለስ ማን ገባ ይለኛል?"

"አትግባ። ማን ግባ አለህ?"

"ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።"

መዋሉስ ይውላል። መቃብሩን ማፍጠን ግን ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ዕለት ባቱን በሳሙና አጠብኩለት፣ ቅባት ቀባሁለት፤ እሱ ያፏጭ ነበር።

ባቱ ዳነ። ነገር ግን አንዲት የቀጋ እሾህ በኮንጎ ጫማው አፍ ገብታ ቁርጭምጭሚቱ ሥር ተሰብራ ቀርታ ኖሯል። እሱ አልሰማትም፣ ማንም አላያትም። እግሩ ጠቆረ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ሲነከር ሰነበተ፤ ውሃው ለስንቱ ሰው አካሉን ያፍታታል፣ ለሱም ወገቡን አሻለው፣ የእግሩ ነገር ግን ከውሃው በላይ ሆነ። ሽታው ቤቱን ሲሞላ ባሕር ዳር ወስደን ሆስፒታል አስተኛነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በአክብሮት ነገረው። "አባባ፣ እግርዎ መቆረጥ አለበት። አለዚያ መርዙ ወደ ላይ ይወጣል።"

አባቴ ይሞት እንደሆነ አልጠየቀም። እንዴት አርሶ እንደሚበላም አልጠየቀም። "ባቴን ትተዉልኛላችሁ?" አለ።

ሐኪሙ ጥያቄው አልገባውም፤ ስለ ቁስሉ ያስረዳው ጀመር። እኔ ገብቶኝ ነበር፤ እንባዬን እንዳያይብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ወደ ቤት ተመልሶ በክራንች መሄድ ለመደ። እርሻውን ወንድሜ ያዘው፤ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ያዝዛል። ጎረቤት አልተለየውም፤ ይመጣሉ፣ ይጠይቁታል፣ ያጫውቱታል። ዓመቱ ዞሮ ጥምቀት ሲያልፍ ግን ቁጭ ብሎ መዋል አቃተው። የመጣውን ሰው ሁሉ አስቀምጦ፣ ነፋሱ በየት እንደሚነፍስ፣ ውሾቹ በየት እንደሚለቀቁ በክራንቹ መሬት ላይ እየሳለ ያስረዳል። "በበቅሎ ጥሻው ዳር አድርሱኝና ጣሳ ልምታ" አላቸው። ጣሳ በሚመቱት ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ የኖረ ሰው ነው። "እሽ" አሉት። በዕለቱ ግን በቅሎ ይዞ የመጣ አልነበረም። ፈርተውለት ነው፤ ቢወድቅስ፣ አንድ ነገር ቢሆንስ ብለው።

አልተቆጣም። "ማምሻውን እዚህ ነው የሚመጡ" ብሎ ጠላው እንዲወርድ፣ መደቡ ላይ አጎዛ እንዲነጠፍ አዘዘ። እሱ እንዳዘዘው እኔና እናቴ ቤቱን ስናሰናዳ ዋልን። ከወንዙ በኩል የጣሳ ድምፅ በመጣ ቁጥር አንገቱን ያቀና ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጡ። በር ላይ ቆሜ ስቀበላቸው አንድ ነገር እንግዳ ሆነብኝ፤ ምን እንደሆነ የገባኝ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ሁሉም ረጅም ሱሪ ለብሰዋል። አበልጁ በልጁ ሰርግ የለበሰውን ቴትሮን፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚስምበትን፣ አንዱ ደግሞ የተማሪ ልጁን የደንብ ልብስ፤ አጥሮት ካልሲውን ወደ ላይ ጎትቶታል። በየቤታቸው ገብተው፣ ታጥበው፣ ቀይረው ነው የመጡት። ተመካክረውበታል ማለት ነው። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ አንድ አማች ብቻ ሳይነገረው ቀርቶ በቁምጣው ገባ። አጠገቡ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው በጋቢው እግሩን ሸፈነ። እግሩን የዘረጋ አልነበረም።

"ማን ገባ?" አለ አባቴ።

እርስ በርስ ተያዩ። "ዘንድሮ ምኑን ገባነው" አለ አበልጁ። "ዳር ዳሩን ነው የዋልነው። አንተ የሌለህበት ደግሞ ምን አደን ነው።"

አባቴ የአበልጁን እግር አየ። በቴትሮኑ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ ደም ወጥቶ ጨርቁን ያረጥበዋል። እኔም አየሁት። አበልጁም መታየቱን አውቆ እጁን ጣል አደረገበት።

"ጠጡ እንጅ" አለ አባቴ።

ጠጡ። ስለ ሩዝ ዋጋ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ስለ ዘንድሮው ብርድ አወሩ። ስለ ከርከሮ አንድም ሰው አላነሳም። በሌላ ዓመት ቢሆን ተጎትተው የማይወጡ ሰዎች ገና ፋኖስ ሳይበራ ተነስተው፣ እያንዳንዳቸው ትከሻውን ስመውት ሄዱ። ተከትያቸው ወጥቼ ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ እቆጣለሁ? ከዚያ የበለጠ ምን ደግነት ያድርጉለት?

እናቴ ዋንጫዎቹን ስትሰበስብ አባቴ ወደኔ ዞረ። "ደግ ሰዎች ናቸው" አለኝ። ክራንቹን አቀበልኩት፤ እጁን አልዘረጋም።

ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን በሰበብ በሰበቡ ይተወው ጀመር። እህልም ከአፉ ራቀ። ነርሷ መጣች፣ የነፍስ አባቱ መጡ፣ እኔ ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ አለቀስኩበት። ለሁሉም "እሽ" ይላል። የሩዝ ዘር የሚወጣበት ሰሞን ሞተ። ሐኪሞቹ ኩላሊቱ ነው አሉን። ይሆናል። እኔ ግን አባቴ የሞተው ያ ሁሉ ወንድ አዝኖለት፣ እግሩን ሸፍኖ የመጣ ዕለት እንደሆነ አውቃለሁ።