ዶክተር፣ ብዙ አልገፋሁም!

በሕይወቴ እምላለሁ፤ አንዲት ቃል ከዋሸሁ የባሮ አዞ ይብላኝ! ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። ጓደኛዬ ኦኬሎ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ራሱን ሳተ። እኔና ጎረቤታችን ኡጁሉ ተሸክመነው ወደ ሆስፒታል በረርን።

ነርሷ የደም ግፊቱን ስትለካ የመለኪያው ቀስት ሽቅብ ተተኮሰ፤ መስተዋቱን ሰብሮ ሊወጣ ምንም አልቀረው! የልቡ ምት ግን እንደ ኤሊ ይጎተታል። ግፊቱን የሚያወርድ መርፌ አነሳች።

"ተይ ሲስተር!" ሐኪሙ ጮኸ። "ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ አንጎሉን ተጭኖታል። ሰውነቱ ግፊት የጨመረው ደም ወደ አንጎሉ በግድ ለማስገባት ነው። ብታወርጂው ይሞትብናል! ዋናው ግፊት ጭንቅላቱ ላይ ነው!"

አማርኛን የተማርነው ትምህርት ቤት ነው። ኡጁሉ "ግፊት፣ ግፊት" ሲባል ላብ አጠመቀው።

"ዶክተር፣ ብዙ አልገፋሁም! በአንድ እጅ ብቻ ነው! የበሰለውን ማንጎ ቀድሞኝ ነው!"

ሐኪሙ የኦኬሎን የራስ ቅል በስቶ ደሙን ሲያፈስለት ግፊቱ በራሱ ወረደ። ኦኬሎም ዓይኑን ገልጦ፣ "ማንጎዬስ?" አለ።

ሁሉም እውነት ነው። የፈጠርኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ኡጁሉ የሚባል ሰው አልነበረም። ኦኬሎን የተሸከምኩት ብቻዬን ነበር።