በአባቷ ፊት የጠየቅኳት

ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ጤና መኮንን ነኝ። ያገሬው ሰው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ይላል፤ እኔም ደስ እያለኝ ዝም እላለሁ።

የገበያ ቀን ነበር፤ ወረፋው ከበሩ አልፎ ግቢው ድረስ ተዘርግቷል። ከአርዲቦ በኩል የመጡ አንድ ገበሬ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጃቸውን ደግፈው ገቡ። ልጅቱ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላለች።

«ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ትላለች። ሁለቴም አስታወካት» አሉ አባቷ።

አልጋው ላይ እንኳ ሳትወጣ፣ እንደቆመች ጠየቅኳት። «የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?»

አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየችና አንገቷን ደፋች። «በጊዜው ነው።»

«ባል አለሽ?»

«ኧረ እሷ ገና ልጅ ናት» አሉ አባትየው ቀድመዋት።

እኔም መልስ አገኘሁ ብዬ «ጨጓራ» ብዬ ጻፍኩ።

አብራኝ የምትሠራው ነርስ በሙያው ከእኔ እጅግ ትቀድማለች። የልጅቱን የደም ግፊት ለክታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ግፊቷ ዝቅ ብሏል፤ ልቧም ይሮጣል። ለብቻዋ ላናግራት?»

«ስላስታወካት ፈሳሽ አንሷት ነው። ሲስተር፣ ወረፋውን አታይውም?» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ፊቷ ቀላ፤ የግፊት መለኪያዋን ጠቅልላ ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ዞረች። የጨጓራ ሽሮፕ ሰጥቼ አሰናበትኳቸው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ባጃጅ ግቢ ገባ። ልጅቱ መናኸሪያው አጠገብ ወድቃ ነው። አባቷ አቅፈው ሲያወርዷት ከንፈሯ ነጥቷል፤ ላቧ ይቀዘቅዛል። እኔ በድንጋጤ ቆሜ ሳለ ነርሷ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያለች ጉሉኮሱን ሰካችላት፤ በቱቦ ሽንት ወስዳም መረመረች። ያሳየችኝ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነበር፤ እርጉዝ ናት። ጽንሱ ከማህፀን ውጭ አድጎ ፈንድቶ፣ ደሟ ወደ ሆዷ እየፈሰሰ ነበር።

ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ «እርጉዝ ናት፣ አምቡላንስ ጥሩ» ብዬ ጮህኩ። አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ወረፋ ከያዙት መካከል የመንደራቸው ሰዎች ነበሩ። አባትየው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት።

ደሴ ወስደው ቀዶ ጥገና አደረጉላት፤ ተረፈች።

በማግስቱ ኃላፊያችን ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። «ጠይቄያታለሁ፤ ደብቃኝ ነው» አልኩ። ካርዷም ላይ እንዲሁ ጻፍኩ። ነርሷ እዚያው ነበረች። አየችኝና መርፌዎቿን ወደ ማዘጋጀቱ ተመለሰች። ብትናገርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወር በኋላ አባቷ ማር ይዘው መጡ። «ልጄን አትርፈህልኛልና እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

«እንዴት ሆነች?» አልኳቸው።

«ደህና ናት። ውጫሌ አክስቷ ዘንድ ሰደድኳት። የሰፈሩ አፍ አላስቀምጥ አላት።» ማሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ሐሜትስ ያልፋል ልጄ። ቀብር ነው የማያልፍ።»

ታማ ሳለች ወደ ቤቷ የሰደድኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ገመናዋን ለሰፈር ያሰማሁትም እኔው እንደሆንኩ ልነግራቸው ይገባ ነበር። «ሥራችን ነው አባቴ» ብዬ ማሩን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ግማሹን ለነርሷ ላካፍላት ስል «ለእኔ አልተሰጠም» አለች።

«ያን ቀን ልክ ነበርሽ» አልኳት። ይህን ለማለት አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

«እሱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «ለልጅቱ ንገራት።»

ከዚያ ወዲህ ውጫሌ ለሥራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ቢጠይቁባት ቶሎ ይገኛል። ሁለቱንም ጊዜ ሥራዬን ጨርሼ፣ የመጀመሪያውን መኪና ይዤ ተመለስኩ።