የጋሼ ፊርማ

ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። የሚከራይ ቤት አፈላልገው ያስገቡኝ የመሥሪያ ቤታችን የመሬት ይዞታ ቡድን መሪ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስለዚህ ኃላፊያችን የመሥሪያ ቤቱን የአሠራር ማሻሻያ እንድመራ ሲመድቡኝ መጀመሪያ የነገርኩት ለእሳቸው ነው። ሳቁ።

"ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ካይዘን መጣ። አሁን ደግሞ አንተ መጣህ።"

ዕቅዱን ከመጻፌ በፊት ባለጉዳይ የሚሄድበትን መንገድ ልከተል አልኩ። አንዲት እናት የጠፋባቸውን የመሬት ደብተር ምትክ ለማውጣት ከማንኪራ ቀበሌ መጥተው ነበር። ከክፍል ክፍል አብሬያቸው ዞርኩ። ሁሉም ቶሎ ጨረሰላቸው፤ ጋሼ በር ላይ ስንደርስ ግን ጋሼ መስክ ወጥተዋል። በማግስቱም አልተመለሱም።

"ልጄ፣ ቡናው እየረገፈብኝ ነው፣ ልሂድ" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ፋይላቸውን የቡድኑ ባለሙያ አጣርቶታል። የቀረው ጋሼ ያንኑ ዳግመኛ አይተው መፈረም ብቻ ነበር። ያ ፊርማ መቅረት እንዳለበት ገባኝ። ስብሰባ ላይ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ቢሯቸው ገብቼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለምን እንደተጀመረ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"አንድ ሰው ወንድሙ ርቆ በሄደበት ጊዜ የወንድሙን የመሬት ድርሻ ወደ ራሱ ስም አዛወረ። ባለሙያው ዝም ብሎ አሳለፈለት። ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉም በእኔ በኩል ይለፍ የተባለው።"

ስብሰባው ላይ አጥብቀው ተቃወሙኝ። ታሪካቸው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም ነበርና፣ የስም ዝውውር ፋይል ብቻ ወደ እሳቸው ይሂድ፣ ሌላው ባለሙያው ጋ ይጠናቀቅ ብዬ ሐሳቤን አስተካከልኩ። ኃላፊው በሙከራ እንዲጀመር ፈቀዱ።

ኮሪደሩ ቀለለ። ጋሼ በር ላይ ተኮልኩሎ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ጠፋ፤ ከእኔ ጋር የነበራቸው ጨዋታም አብሮ ጠፋ። ሰላምታዬን ይመልሱና ያልፋሉ። የሥልጠናው ማኑዋል ለውጥን ስለሚቃወም ሠራተኛ ብዙ ይላል፤ ቤት ፈልጎ ስላስገባህ ሰው ግን ምንም አይልም። ሥራው ተሳክቶልኝም ደስታው አልመጣልኝም።

አንድ ቀን ጫማቸው በጭቃ እንደተለወሰ ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ቆሙ።

"በእህትማማቾች ስም ዝውውር ተጠይቆ ነበር፤ አንዷ ግን ስለ ጉዳዩ አልሰማችም። ቀበሌው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ድሮ ለዚህ ጊዜ የት አባቴ አገኝ ነበር?"

ከዚያ በኋላ አዲሱን አሠራር ለሌላ ወረዳ ሠራተኞች እንድናስተዋውቅ ከጋሼ ጋር ቢታ ገነት ተላክን። ገና ስላይዱን ሳልከፍት ጋሼ ተነሱና ለተሰበሰበው ሠራተኛ ተናገሩ።

"ከሥራዬ ላይ ሲቀንሱብኝ ተናድጃለሁ። እናንተም ትናደዳላችሁ። የሚያናድዳችሁን እዚሁ ተናገሩ፤ ይኼ ልጅ ይሰማል።"

እጆች መነሳት ጀመሩ። ላፕቶፔን ዘግቼ ብዕር አወጣሁ።